የእትዬ ዓምድ፦ ጎታው ሲጎድል የማን ደጅ ይኬዳል?

ሐምሌ ሲገባ የደብዳቤዎቻችሁ ጠባይ ይለወጣል። ጥርና የካቲት የምትጽፉልኝ ስለ ሠርግ ወጪ፣ ስለ አማትና ምራት ነው። ሐምሌ ላይ ስለ እህል ነው። ዘንድሮም እንደዚያው ሆነ። ከመጡት አራቱን መርጫለሁ።

ለአዲስ አንባቢዎች አንድ ነገር ልንገራችሁ። አሁን ጡረተኛ ነኝ፤ ደብረ ማርቆስ ጓሮዬን እየኮተኮትኩ እኖራለሁ። ከዚያ በፊት ግን 19 ዓመት በአባይ በረሃ አፋፍ ባለች አንዲት ወረዳ የእርዳታ እህል መጋዘን ሠርቻለሁ። ስንዴ ሲገባ ጆንያ ቆጥሬ እረከባለሁ፤ ሲወጣ ሚዛኑ ጋ እቆማለሁ። የምነግራችሁ ከመጋዘኑ በር ላይ ሆኜ ያየሁትን ነው።

«መሬት ያላት ሰው እርዳታ አይገባትም አሉኝ»

«እትዬ፣ እንደምን ከርመዋል? ከቢቸና ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ ነው የምጽፍልዎ። እኔ እየተናገርኩ የምትጽፈው የመጀመሪያ ልጄ ናት፤ 8ኛ ክፍል ጨርሳለች። ባለቤቴ ታኅሣሥ ላይ አረፈ። አራት ልጆች አሉኝ፣ ትንሹ ዓመት ከስምንት ወሩ ነው። ሦስት ጥማድ መሬት አለን። በሬ ስለሌለኝ ለባለቤቴ ወንድም በእኩል ሰጠሁት። የገባልኝ ጤፍ ግማሹ ለተዝካር ወጣ፣ የቀረው ለፋሲካ አለቀ። አሁን የምንበላው በቀን አንዴ ነው። ድንቹም ገና አልደረሰም። ቀበሌ ሄጄ ብጠይቅ «መሬት ያላት ሰው እርዳታ አይገባትም» አሉኝ። ደግሜ እንዳልሄድ ጎረቤት ይሰማብኛል ብዬ አፈርኩ። የት ልሂድ?»

እቱ፣ ነፍስ ይማር። ስለ መሬቱም ስለ ቀበሌውም እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ትንሹን ልጅሽን ነገ ጠዋት አዝለሽ ጤና ኬላ ውሰጂው። እህል ፍለጋው ሳምንታት ይፈጃል። የዓመት ከስምንት ወር ልጅ ሳምንታት አይጠብቅም።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጠባብ ባለቀለም መለኪያ አላት። የግራ ክንዱ ላይ፣ በትከሻውና በክርኑ መካከል፣ ትጠመጥምበታለች። አረንጓዴ ላይ ካረፈ ደህና ነው። ቢጫ ከሆነ፣ ማለትም ከ12.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ፣ መጎዳት ጀምሯል። ቀይ ከሆነ፣ ከ11.5 በታች ማለት ነው፣ ክፉኛ ተጎድቷልና ሕክምናው ያኔውኑ ይጀመራል። እግሮቹንም በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ታያለች። ጣቷን ስታነሳ ስርጉዱ ቶሎ ካልሞላ ያ ውፍረት አይደለም፣ እብጠት ነው። ስንት እናት «ልጄ ወፈረልኝ» ብላ በዚህ ተዘናግታለች። ካበጠ ወይም ምግብ እምቢ ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ሊልኩት ይችላሉ። «ቤት ይሻለዋል» ብለሽ ይዘሽው እንዳትመለሺ።

ቀይ ላይ ሆኖም ምግብ የሚቀበል ከሆነ ፕላምፒ ነት ይሰጡሻል፤ በኦቾሎኒ የተሠራውን። አንዷ እሽግ 92 ግራም ናት፣ 500 ካሎሪ ትይዛለች። ክፍያ የለውም። መድኃኒት ነው ብለሽ ያዢው። አውቃለሁ፣ ሦስቱ ትልልቆች ዙሪያውን ቆመው ያዩታል። አንጀትሽ አይችልም፣ ላካፍል ትያለሽ። አታካፍዪ። የታመመው እሱ ነው። ውኃ ከአጠገቡ አይለይ። ጡት የሚጠባ ከሆነ መጀመሪያ ጡቱን፣ ቀጥሎ ፕላምፒውን።

ደግሞ ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል። ድስቱ እንዳይነካካ ተብሎ የሕፃኑ ወተትና እንቁላል የሚቀርበት ጊዜ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከ7 ዓመት በታች ያለውን ልጅ ጹም አትለውም። አንዲት ትንሽ ድስትና አንድ ማንኪያ ለእሱ ለይ፤ ጆሮዋ ላይ ክር እሰሪባት፣ አትደባለቅብሽም። እኔን ካላመንሽ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ።

አሁን ወደ ቀበሌው። መሬት ያለው ሰው እርዳታ አይገባውም የሚል መመሪያ 19 ዓመት ሙሉ እጄ ገብቶ አያውቅም። የገጠር ሴፍቲኔት፣ ማለትም እህል ለሚያጥረው ቤተሰብ እህል ወይም ገንዘብ የሚሰጠው የመንግሥት ፕሮግራም፣ ውስጥ ያለው ሰው እኮ አብዛኛው ገበሬ ነው፣ ባለመሬት። የሚታየው ሌላ ነው። ስንት ወር እህል ይጎድልሻል? ምን ከብት አለሽ? ጉልበት ያለው ሰው ቤትሽ አለ ወይ? የሚያግዝሽ ዘመድ አለ ወይ?

ችግሩ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። ሴፍቲኔት በ1997 ሲጀመር ለረጅም ዘመን እህል ያጥራቸዋል ተብለው በተለዩ ወረዳዎች ነው የገባው። ጎጃም ደግሞ ትርፍ አምራች ይባላል። ብዙው ወረዳችን በዚህ ስም ታለፈ። ትርፍ አምራች ማለት የወረዳው አማካይ ነው። እኔ መጋዘን በር ላይ አማካይ የሚባል ሰው ተሰልፎ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄሽ «ወረዳችን ሴፍቲኔት አለው ወይ?» ይሁን። መልሱ ቀጣዩን መንገድሽን ይወስናል።

ካለ፣ ሰው የሚለየው የቀበሌው ሊቀ መንበር ብቻውን አይደለም፤ ከነዋሪው የተመረጠ የልየታ ኮሚቴ አለ። የተለዩት ስም በሕዝብ ፊት መነበብና መለጠፍ አለበት። ስምሽ ከሌለ ደግሞ የቀበሌ አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ የሚባል አለ። ብዙ ሰው መኖሩን እንኳ አያውቅም። ከገባሽ ጉልበት ያለው ሰው የማኅበረሰብ ሥራ ይሠራል፤ እርከን፣ የችግኝ ጉድጓድ፣ መንገድ። መሥራት የማይችል አዛውንት፣ ሕመምተኛና እንደነሱ ያለው ያለ ሥራ በቀጥታ ድጋፍ ይያዛል። ነፍሰ ጡርና አራስም እንዲሁ ለጊዜው ከሥራው ይወጣሉ። የምታጠቢ ከሆነ ይህንኑ ተናገሪ፣ ሳይጠይቁሽ።

ከሌለ፣ ወረዳ ከተማ ውጪና የአደጋ መከላከልና ምግብ ዋስትና ጽሕፈት ቤቱን ጠይቂ። ድንገት ችግር የገባበትን ሰው የሚመዘግቡት እዚያ ነው። የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤቱንም እግረ መንገድሽን እዪው። ባዶ እጅሽን አትሂጂ። በቃል የተነገረ በቃል ይመለሳል። ልጅሽ ጎበዝ ጸሐፊ ናት፣ እንዲህ ብላ ትጻፍልሽ፦

«ባለቤቴ ታኅሣሥ ላይ ስለሞተ አራት ልጆች ብቻዬን አሳድጋለሁ። ከልጆቹ አንዱ ከሁለት ዓመት በታች ነው። ሦስት ጥማድ መሬት ቢኖረኝም በሬና ጉልበት ስለሌለኝ በእኩል ይታረሳል። ከሚያዝያ ጀምሮ ቤቴ እህል የለም፤ እስከ ኅዳርም የሚገባ የለኝም። ቀበሌው አጣርቶ በእርዳታ ዝርዝር እንዲያስገባኝ፣ ካልሆነም ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጠኝ አመለክታለሁ።»

በቃ፣ ይኼው ነው። «ለክቡርነትዎ» እያላችሁ አንድ ገጽ አትፍጁ። ሁለት ቅጂ ይሁን። አንዱን መዝገብ ቤት አስገቢና ቁጥር አስመቺበት፣ ሌላው አንቺ ጋ ይቅር። ጤና ኬላ ልጁ ተለክቶ ቢጫ ወይም ቀይ ከሆነ የተጻፈልሽን ካርድ አሳዪ። ካርድ እንደ ምስክር ነው። «ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጠኝ» የምትለዋ አረፍተ ነገር ደግሞ ጉልበት አላት፤ አፉ የደፈረውን ብዕሩ የማይደፍር ሹም ብዙ አይቻለሁ።

ከተመዘገብሽ የሚገባሽን እወቂ። የአደጋ ጊዜ ሙሉ ራሽን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ክክ ወይም ሌላ ጥራጥሬ፣ ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው። የሚቆጠረው በቤት ሳይሆን በነፍስ ነው። እናንተ አምስት ናችሁ፤ ስንዴው 75 ኪሎ ይሆናል። ጆንያው 50 ኪሎ ስለሚይዝ አንድ ተኩል መሆኑ ነው፣ ግማሹን ከሌላ ሰው ጋር ትካፈያለሽ። ክፍፍሉ ላይ ነው ጠቡ የሚነሳው። ጣሳ ሲሞላ ቁልል ነው ወይስ እስከ አፉ ብቻ? ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን ብላችሁ ጣሳው ሳይነካ ተስማሙ። አንዳንድ ዙር ራሽኑ ራሱ ይቀነሳል፤ ያኔም መቀነሱ በግልጽ ሊነገራችሁ ይገባል።

ለስም ማስገቢያ ብለሽ ለማንም ምንም አትክፈዪ። «ለኮሚቴ ሻይ» የሚሉትንም። በ2015 ሰኔ ላይ እህሉ ለሌላ እየዋለ ነው ተብሎ የዓለም ምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካ የምግብ እርዳታ በመላው አገሪቱ ለወራት ቆሞ እንደነበር ታስታውሻለሽ። አንድ ጣሳ እዚህ፣ አንድ ጆንያ እዚያ ሲጎድል መጨረሻው እንደዚያ ነው። የሚራበው ደግሞ አጉዳዩ አይደለም።

የባልሽን ወንድም ነገር በጥንቃቄ እንየው። ክፉ ሰው ነው አላልኩም። ግን ዘሩና ማዳበሪያው የማን ነው? በመኸር መጀመሪያ የዘሩና የማዳበሪያው ወጪ ይነሳል ወይስ እህሉ ሁሉ እኩል ይከፈላል? ይህ ካልተነገረ አውድማ ላይ ትጣያላችሁ። የይዞታ ደብተሩ ላይ ስምሽ መኖሩን እዪ። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ቀበሌ የመሬት አስተዳደር ጋ ይመዝገብ። በመውቂያው ቀን አንቺ ራስሽ ወይም ትልቋ ልጅሽ አውድማው ላይ ተገኙ፣ ቁናው ሲቆጠር።

እስከዚያው በክረምት አንድ ኩንታል ሰጥቶ በመኸር ሁለት የሚያስመልስ ሰው በርሽን ያንኳኳል። ሁልጊዜ ያንኳኳል። ከእሱ ከመውሰድሽ በፊት የሰበካ ጉባኤውን ሰው አናግሪ፣ የሰንበቴ ማኅበራችሁን አናግሪ። የባልሽን ተዝካር የበላ ሰው ልጆቹ ሲራቡ አንድ ቁና አይጠፋውም። (በነገራችን ላይ፣ የጤፉን ግማሽ ለተዝካር አወጣሽ ብዬ አልፈርድብሽም፤ ያለዚያ ምን እንደሚሉሽ አውቃለሁ። ሽማግሌዎቻችን ግን ሕፃን ባለበት ቤት «ጸበል ጸዲቅ ይበቃል» ለማለት ምን እንደሚያቅታቸው አይገባኝም።)

ስለ ሐፍረቱ ደግሞ ዝቅ ብዬ ለመምህሩ የመለስኩትን ልጅሽ ታንብብልሽ።

«እርዳታ አልፈልግም፣ ሥራ ነው የምፈልገው»

«እትዬ፣ እኔ እዚሁ ደብረ ማርቆስ የምኖር የቀን ሠራተኛ ነኝ። ግንባታ ላይ ነው የምሠራው። ክረምት ሲገባ ሥራ ይቆማል፣ የቤት ኪራይ ግን አይቆምም። ባለቤቴ ልብስ ታጥባለች፣ ሁለት ልጆች አሉን። እርዳታ አልፈልግም፣ ሥራ ነው የምፈልገው። ቀበሌ ስሄድ ተከራይ ስለሆንኩ አያውቁኝም።»

ወንድሜ፣ ሐምሌ ላይ ሲሚንቶ የሚያስቦካ ባገኝ ስምህን እሰጠው ነበር። እስከዚያው ኩራትህን ጠብቅና መታወቂያህን አውጣ።

ዋናው ነገርህ እሱ ነው። ቀበሌ የማያውቀውን ሰው የትኛውም ዝርዝር አያውቀውም። አከራይህን ይዘህ ሂድና ነዋሪነትህን አስመዝግብ። አከራይ ግብር ፈርቶ ያንገራግራል፤ ለምነው፣ ሽማግሌ ላክበት። የከተማ ሴፍቲኔት በ2009 በ11 ከተሞች ሲጀመር ከክልላችን የገባችው ደሴ ብቻ ነበረች። ኋላ ግን ብዙ ከተሞች ተጨመሩ። ያንተን ክፍለ ከተማና ቀበሌ ይመለከት እንደሆነ፣ ልየታውም መቼ እንደሆነ ጠይቅ። ደስ የሚልህ ነገር ደግሞ አብዛኛው የሥራ ነው፤ ጽዳት፣ አረንጓዴ ልማት፣ የውኃ ቦይ። ሠርተህ ትበላለህ፣ ቃልህን አታጥፍም።

ከስምህ አጻጻፍ ሙስሊም ትመስለኛለህና የመስጊዱን የዘካ ኮሚቴም አትለፍ። ዘካ ልመና አይደለም፤ የሚገባው ሰው ድርሻ ነው። ኮሚቴው ካላወቀህ በጁምዓ ማግስት ሄደህ አንዱን አባት አናግር።

የጤና መድን ነገርም አለ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮ የመክፈል አቅም ለሌለው መንግሥት የሚከፍልበት መንገድ አለ፤ የሚመለምለው ቀበሌው ነው። ምግብ አይደለም ትለኝ ይሆናል። ልጅ ሲታመም የሚሸጠው ግን የወሩ ዱቄት ነው።

መስከረም ሲጠባ በቆሎ እሸቱም ድንቹም ይረክሳል። ሁለት ወር ነው የሚቀርህ።

«ቆሎውን ሳትበላ ነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው»

«እትዬ፣ ከፍኖተ ሰላም አካባቢ የምጽፍ መምህር ነኝ። 3ኛ ክፍል አስተምራለሁ። ሰኔ ላይ ትምህርት ልንዘጋ ስንል ለተማሪዎቼ ቆሎ አመጣሁላቸው። አንዲት ልጅ ሳትቀምሰው ነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። «ለምን አትበዪም?» ስላት «ለእናቴ ነው» አለችኝ። ዓመቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ታንቀላፋ ነበር፣ እኔ ደግሞ እቆጣት ነበር። አሁን እንቅልፍ ነሳኝ። ሳላዋርዳት እንዴት ልርዳት?»

መምህር፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔም ስለ ነጠላ ጫፍ የምነግርዎ አለኝ፤ የእኔ ግን ስለ ኩባያ ነው።

ልጅ ሳለሁ አባቴ አንድ ክረምት ሙሉ አልጋ ላይ ዋለ። በዚያ ክረምት እናቴ ትጠራኝና «እነ እትዬ ቤት ሂጂና እርሾ ለምነሽ ነይ» ትለኛለች። እርሾ የሚለመነው ቡኮ ላለው ሰው ነው። ቤታችን ግን ዱቄት አልነበረም። እናቴ የፈለገችው እርሾውን አልነበረም፤ ጎረቤት «እነሱም ዛሬ ያቦካሉ» እንዲል ነው። ያመጣሁትን እርሾ ጓዳ አስቀምጣ በማግስቱ ትደፋው ነበር። ይኼን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ጎረቤታችን ኩባያዬን ተቀበለችኝ። አየችው። ከዚያ ፊቴን አየችው። ኩባያውን መልሳ ሰጠችኝና ገበቴ አወረደች። ከራሷ ቡሃቃ፣ ለነገ ጠዋት ለምትጋግረው ካቦካችው፣ ገበቴውን እስከ አፉ ሞላችው። በሁለት እጄ አሸከመችኝና እንዲህ አለችኝ፦ «ለእናትሽ ንገሪያት፣ እርሾው ዛሬ ወፈር ብሏል።»

እናቴ ገበቴውን ስታይ ምንም አላለችም። ምጣድ ጣደች። ከዚያ በኋላ እስከ መስከረም በየሦስት ቀኑ «እርሾ» እየለመንኩ ተመላለስኩ። ሁለቱም ሴቶች ስለ ነገሩ አንድም ቀን ሲነጋገሩ አልሰማሁም። ቡና ግን አብረው ይጠጡ ነበር።

እንግዲህ እርስዎም ወፈር ያለ እርሾ ይፈልጉ። ለምሳሌ ለነሐሴ ምዝገባ ሰበብ ይዘው ቤታቸው ይሂዱ። መምህር ቤት ቢመጣ ማንም አይደነቅም። እናትየዋን ስለ ምግብ አይጠይቋት፤ የልጅቷን ጉብዝና ይንገሯት። ምድጃውን ግን ይዩት፣ ከእሷ በታች ያሉ ልጆች ካሉም ክንዳቸውን ይዩ። ከዚያ ወጥተው የቀበሌዋን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ያናግሯት። ቤት ለቤት መዞር ሥራዋ ስለሆነ እዚያ ቤት ብትገባ የተለየ ነገር አይመስልም። ሕፃናት ካሉ ትለካለች፤ እናትየዋም ነፍሰ ጡር ወይም አራስ ከሆነች እሷንም ትለካለች።

መስከረም ሲከፈት ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ ያቅርቡት። የልጅቷን ስም ሳይጠሩ፣ «ሳይበላ የሚመጣ ልጅ አለን» ብለው። ትምህርት ቤት ምገባ ወረዳችሁ ጋ መድረስ አለመድረሱን የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይነግራችኋል። ካልደረሰ፣ ወላጅ ሁሉ በመኸር አንድ አንድ ጣሳ ጥራጥሬ ቢያዋጣ ንፍሮ ይሆናል። ለሁሉም ልጅ ነው የሚቀርበው፤ ለእሷ ብቻ አይደለም። ያ ነው ዋናው። ድሃ ተብሎ ለብቻው የሚመገብ ልጅ ሁለተኛ ቀን አይመጣም።

ሲቆጧት እንደነበር ደግሞ ጽፈውልኛል። ለእኔ ከሚነግሩኝ ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ ረድፍ ያስቀምጧትና ቆሎ የማደሉን ሥራ ለእሷ ይስጧት። የሚያድል ሰው የተረፈው የእሱ ነው፤ ይኼን ሕግ ልጆች ሁሉ ያውቁታል።

«ፓስታና ሩዝ ጭነን ልንመጣ ነው»

«እትዬ፣ አዲስ አበባ የምንኖር የጎጃም ልጆች ነን። ገንዘብ አዋጥተናል። ለአንድ ቀበሌ ችግረኞች ፓስታ፣ ሩዝና ብስኩት ጭነን ለአዲስ ዓመት ልንመጣ ነው። ቪዲዮም እንቀርጻለን፣ ሌላው እንዲነሳሳ። ምክር ካለዎት?»

ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ምክር አለኝ፣ ተቀየሙኝም አትቀየሙኝም።

ፓስታውን ተዉት። 300 ኪሎ ሜትር የጭነት ኪራይ ከፍላችሁ ወደ ጤፍ አገር ፓስታ ታመጣላችሁ? እንጨት የምትቆጥብ ሴት ፓስታ ቀቅላ በምን ታባላዋለች? ዘይቱስ? መንገዱም አንዳንዴ ይዘጋል፤ መኪናው ደጀን ላይ ከቆመ ብስኩቱን ሹፌሩ ነው የሚበላው። ገንዘቡን ይዛችሁ ኑና እህሉን ከዚሁ ገበያ ግዙ። በቆሎ፣ ዳጉሳ፣ ባቄላ፣ ሽሮ እህል፣ ዘይትና ጨው። ከቻላችሁ ገንዘቡን ራሱን ስጡ፤ የጎደለባትን የምታውቀው እሷ ናት። አንዷ ወፍጮ ቤት ዕዳ አለባት፣ አንዷ የልጇን ደብተር ነው የምትገዛው።

ሕፃናት ላሉባቸው ቤቶች የገንፎ ዱቄት አስፈጩ። ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ጥራጥሬ። ገብስ ወይም አጃ ወይም በቆሎ ከሆነ፣ ባቄላ ወይም ሽምብራ ይጨመርበት። ተቆልቶ፣ ተከክቶ፣ አንድ ላይ ይፈጫል። የማርቆስ ሴቶች በሁለት ቀን ያደርሱላችኋል፤ ለሥራቸው ግን ክፈሉ፣ «በነጻ ለጽድቅ» አትበሏቸው።

ማን ችግረኛ እንደሆነ አንድ ሰው ብቻ አትጠይቁ። ቀበሌውን፣ ቄሱን፣ ሼኹን፣ የጤና ኤክስቴንሽኗንና አንዲት ጠላ የምትሸጥ ሴት ጠይቁ። አምስቱም ዝርዝር ላይ ያለውን ስም መጀመሪያ ያዙ። አንዷ ዝርዝር ላይ ብቻ ያለውን አትሰርዙ፤ ቤቱ ሄዳችሁ እዩት። ጠላ ሻጯ ብቻ የምታውቀው ረሃብ አለ።

በቀን በአደባባይ ሰልፍ አታስቆሙ። ምሽት ላይ ቤት ለቤት አድርሱ። ቪዲዮውን ከፈለጋችሁ ወፍጮውን ቅረጹ፣ ጆንያውን ቅረጹ፣ ራሳችሁን ቅረጹ። የተቀባዩን ፊት ግን ተዉ። የአንዲት እናት ልጅ ነገ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ እናቱ እጇን ዘርግታ በስልክ ላይ ስትዞር ማየት የለበትም።

ጊዜውንም አስቡበት። ለአዲስ ዓመት ስትደርሱ እሸት እየደረሰ ነው። የሚከፋው አሁን ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ። ገንዘቡ ከተዋጣ ምን ትጠብቃላችሁ?

ሚዛን ደግሞ ይዛችሁ ኑ። በጣሳ ስትሰፍሩ ከ20ኛው ቤት በኋላ እጃችሁ ይዝላል፣ ጣሳውም ይጎድላል፤ እኔ 19 ዓመት አይቼዋለሁ። ከሌላችሁ የእኔ አሮጌ ባለ ሰሌዳ ሚዛን ጓዳ ተሰቅሏል፣ ማርቆስ ስትደርሱ መጥታችሁ ውሰዱት። መርፌው ከዜሮ ትንሽ ወደ ግራ ይጀምራል፤ ቀድማችሁ አስተካክሉት።